ስለ ተማሪ ምግብና ጤና ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጎጃም የተማሪ ረሃብ የቆየ ነገር ነው። ዋሸራ ወይም ዲማ ቅኔ ሊቆጥር የሄደ የቆሎ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው የተማረው። የዛሬው ተማሪ ሚል ካርድ ይዞ ይሰለፋል። ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና እንጅባራ ባሉት ዩኒቨርሲቲዎች ስለዚሁ ተማሪ ምግብ፣ እንቅልፍና ጭንቀት መመረቂያ ጽሑፍ መሥራት ጥሩ ምርጫ ነው። የሚጠናው ሰው ቅርብ ነው፤ ውጤቱም እዚያው ግቢ ውስጥ ሊጠቅም ይችላል።

ችግሩ መጠይቁ ከሌላ ጥናት እንዳለ ሲገለበጥ ነው። የግቢው ኑሮ ከውስጡ ይጠፋል። ይህ ከሆነ በኋላ ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚያድነው ነገር የለም። ስለዚህ ከታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹ መስተካከል ያለባቸው ገና ፕሮፖዛል ላይ ነው።

የቤተሰብ መለኪያ ለዶርም ተማሪ መስጠት

በጣም የተለመደው የምግብ ዋስትና መለኪያ ኤችኤፍአይኤኤስ የሚባለው ነው። 9 ጥያቄዎች አሉት። ያለፉትን 4 ሳምንታት ይጠይቃል፤ ነጥቡም ከ0 እስከ 27 ይደርሳል። የተሠራው ግን ለቤተሰብ ነው። «ቤት ውስጥ የሚበላ ነገር ጨርሶ ጠፍቶ ያውቃል?» ተብሎ ሲጠየቅ ከማቻከል የመጣ ልጅ የትኛውን ቤት ያስብ? ዶርሙን ወይስ የእናቱን ጓዳ? አንዱ ስለ ዶርሙ ይመልሳል፣ ሌላው ስለ ቤተሰቡ። ሁለቱ መልሶች አንድ ላይ ሲደመሩ የሚወጣው ቁጥር የማንንም ሁኔታ አይገልጽም።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 8 ጥያቄ መለኪያ ለአንድ ግለሰብ የሚሆን ቅጂ አለው። የግድ ኤችኤፍአይኤኤስን እጠቀማለሁ ካሉ ደግሞ እያንዳንዱን ጥያቄ «አንተ ራስህ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ» በሚል ያስተካክሉት። ማስተካከልዎንም በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ይናገሩ።

ካፌና ነን ካፌን፣ ማለትም በግቢው ካፌ የሚበላውንና በምትኩ በየወሩ ገንዘብ የሚቀበለውን ተማሪ፣ በአንድ ቋት መክተት ከዚሁ ጋር የሚሄድ ስህተት ነው። የካፌ ተማሪ ጭንቀት የምግቡ ዓይነትና መጠን ነው። የነን ካፌ ተማሪ ጭንቀት የወር ገንዘቡ ሳምንቱን አለመሻገሩ ነው። ናሙናውን ሲከፍሉ ሁለቱን ለይተው ይውሰዱ። ከቤት የሚመጣውን ስንቅም አይርሱ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ ብዙ ተማሪን ከእራት እስከ እንቅልፍ የሚያደርስ ምግብ ነው። «ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ምን በላህ?» ብቻ ተብሎ ከተጠየቀ ግን ማንም አይጠቅሰውም፤ ሎከር ውስጥ ያለ ስንቅ እንደ ምግብ ሰዓት አይቆጠርምና።

ጾሙን መርሳት

ይህን ስህተት ጎጃም ውስጥ መሥራት ያስቆጫል፤ አጥኚው ራሱ ብዙ ጊዜ ጿሚ ነውና።

የምግብ ስብጥርን ለመለካት የሚመረጠው መለኪያ ከ15 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የተዘጋጀ ነው። ምግብን በ10 ምድብ ይከፍላል፤ ባለፉት 24 ሰዓታት ቢያንስ 5ቱን የበላች ሴት ደረጃውን አሟልታለች። አሁን መረጃው በዐቢይ ጾም መጋቢት ላይ ተሰበሰበ እንበል። ለጿሚ ወተትና የወተት ውጤት፣ ሥጋና ዓሣ፣ እንቁላል ሦስቱም ይወጣሉ። የቀሩት 7 ምድቦች ናቸው። እንጀራ በሽሮ ሦስቴ ቢበላ ያው 2 ምድብ ነው፦ እህልና ጥራጥሬ። በርበሬና ዘይት አይቆጠሩም፤ ከ15 ግራም በታች የሆነም አይቆጠርም። ውጤቱ «ተማሪዎቹ በጣም ደካማ የምግብ ስብጥር አላቸው» ይሆናል። ያው ጥናት ግንቦት ላይ ቢሠራ ሌላ ቁጥር ይወጣ ነበር።

ጾም ባይኖርም ቀኑ ራሱ ያሳስታል። ሐሙስ የሚጠየቅ ሰው የሚናገረው ስለ ረቡዕ ነው። ቅዳሜ የሚጠየቅ ስለ ዓርብ ይናገራል። መረጃ ሰብሳቢው የሚመቸው ሐሙስና ቅዳሜ ብቻ ከሆነ ጥናቱ ሳይታሰብ የጾም ቀን ጥናት ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ የቃለ መጠይቁን ቀን መዝግቡ። ጿሚውንና የማይጾመውን ለዩ፤ ግቢው ውስጥ ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ተማሪም አለ። ከተቻለ በጾምም በፍስክም ሰብስቡ።

በሌላ በኩል ጾምን እንደ ጉድለት ብቻ አድርጎ መጻፍም ልክ አይደለም። ሱፍና ተልባ አንድ ምድብ፣ ጎመን ሌላ፣ ካሮትም ሌላ ምድብ የሚሞሉ የጾም ምግቦች ናቸው። ካፌው የትኛውን እንደሚያቀርብና የትኛውን እንደማያቀርብ መመዝገብ ከተማሪው ነጥብ የበለጠ ይናገራል። ሌላም ነገር አለ፤ መለኪያው ለሴቶች የተፈተሸ ነው። ለወንድ ተማሪ ሲጠቀሙበት «ደረጃውን አሟላ፣ አላሟላ» ማለቱን ትተው የምድቦቹን ብዛት ብቻ ሪፖርት ያድርጉ።

የደም ማነስን በባሕር ጠለል ልክ መለካት

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ባሕር ዳር 1,800 ገደማ። ከፍታ ሲጨምር ሄሞግሎቢን ይጨምራል ተብሎ ስለሚወሰድ የተለካው ቁጥር መስተካከል አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ላይ በዴሲሊትር 1.4 ግራም ይቀነሳል፤ ከ1,500 እስከ 1,999 ደግሞ 1.1። እርጉዝ ላልሆነች ሴት የደም ማነስ መነሻው በዴሲሊትር ከ12 ግራም በታች ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ 12.8 የተለካች ተማሪ ሳይስተካከል ጤነኛ ናት። ሲስተካከል 11.4 ትሆናለች፤ የደም ማነስ አለባት ማለት ነው።

ግን እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የኢትዮጵያ ደገኞች ሄሞግሎቢን በቆላ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም አልተለየም። ማለትም ለሌላው ዓለም የተሠራው ማስተካከያ ለእኛ ደገኛ ይበዛበት ይሆናል። የእኔ ምክር ሁለቱንም፣ የተስተካከለውንና ያልተስተካከለውን፣ ጎን ለጎን ማቅረብ ነው። ተማሪዋ ያደገችበትን ወረዳና ግቢው ከገባች ስንት ወር እንደሆናትም ጠይቁ። ከዓባይ በረሃ የመጣችና ከጮቄ ሥር ያደገች አንድ አይደሉም።

ስለ ክብደት አጭር ነገር ልጨምር። ፍሬሽማኑ ብዙ ጊዜ 18 ወይም 19 ዓመቱ ነው። እስከ 19 ዓመት ድረስ የዓለም ጤና ድርጅት የ2007ቱን የዕድሜ ሠንጠረዥ መጠቀም ይገባል። 18.5 የሚለው የቢኤምአይ (ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው ቁጥር) መነሻ ለአዋቂ ነው።

ሰዓቱን ማደባለቅ

የእንቅልፍ ጥራት መጠይቁ «ስንት ሰዓት ትተኛለህ? ስንት ሰዓት ትነሳለህ?» ይላል። አንዱ 5 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት እንደሚነሳ ይጽፋል። 7 ሰዓት ተኛ፤ ትክክል ነው። ሌላው ስልኩን አይቶ 11 ይልና መነሻውን በልማዱ 12 ይላል። ኮምፒዩተሩ 1 ሰዓት ብቻ እንደተኛ ይቆጥራል። ያ ልጅ «ከባድ የእንቅልፍ ችግር» ውስጥ ይገባል። ጥያቄው ላይ «በእኛ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍና ከማታ፣ ከሌሊት፣ ከጠዋት አንዱን ማስመረጥ ይበቃል።

የረሃብን ድካም ድብርት ማለት

ለድብርት የሚሰጠው ፒኤችኪው 9 ከ9 ጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ምግብ ፍላጎት ነው። ሌሎቹ ሁለት ስለ እንቅልፍና ስለ ድካም ናቸው። እራት ያልበላ ልጅ ይደክመዋል፣ እንቅልፍም ይነሳዋል። ስለዚህ የምግብ እጦትና ድብርት ተያያዙ ስትሉ ከግንኙነቱ የተወሰነው ከመጠይቁ ራሱ የመጣ ሊሆን ይችላል። እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች አውጥታችሁ እንደገና አስሉት። ግንኙነቱ ከቆመ ጠንካራ ነው።

ዘጠነኛው ጥያቄ ግን ከስሌት በላይ ነው። ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ይጠይቃል። አንድ ተማሪ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ብሎ ሲመልስ ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር አስሮ ማስቀመጥ በደል ነው። መረጃ ሰብሳቢው ያንኑ ቀን ለማን እንደሚደውል፣ ተማሪውን ወደ የትኛው ክሊኒክ ወይም አማካሪ አብሮት እንደሚሄድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህ ካልተዘጋጀ ጥያቄውን አትጠይቁ። መጠይቁን መምህር ክፍል ውስጥ ቆሞ ካስሞላው ደግሞ እውነቱን የሚጽፍ አይገኝም። ረሃብም ቢሆን እንደዚያው ነው፤ ጎረቤቱ እያየው «ራበኝ» ብሎ የሚያከብብ የጎጃም ልጅ ጥቂት ነው።

384ን እንደ ጸሎት መድገም

በ50 በመቶ ግምትና በ5 በመቶ ስህተት የናሙናው መጠን 384 ይወጣል፤ ለማይመልሱ 10 በመቶ ሲጨመር 423 ገደማ ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን ተማሪዎቹ በቀጥታ በዕጣ ሲመረጡ ነው። መጀመሪያ ትምህርት ክፍል፣ ቀጥሎ የትምህርት ዓመት እያሉ በደረጃ ከመረጡ አንድ ክፍል ያሉ ልጆች ስለሚመሳሰሉ ናሙናው መጨመር አለበት። ብዙዎች በ1.5 ወይም በ2 ያባዙታል።

ትንታኔው ላይ የሚበዛው ጥፋት ኦድስ ሬሾን (በየቡድኑ ችግሩ ያለባቸውን ለሌለባቸው አካፍሎ ሁለቱን ቡድኖች የሚያነጻጽረውን ቁጥር) እንደ «እጥፍ» ማንበብ ነው። ከነን ካፌ 60 በመቶ፣ ከካፌ 40 በመቶ የምግብ እጦት አለባቸው እንበል። 60 ለ40 ሲካፈል 1.5 ነው። ኦድስ ሬሾው ግን 2.25 ይወጣል። «የነን ካፌ ተማሪዎች ከሁለት እጥፍ በላይ ይራባሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጽፎ ዲኑ ቢሮ ከደረሰ ውሸት ነው። ችግሩ እንዲህ የተስፋፋ ሲሆን የመቶኛዎቹን ንጽጽር ተጠቀሙ።

ውጤቱን መደርደሪያ ላይ መተው

ጽሑፉ ተጠርዞ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ሥራው ያለቀ ይመስላል። ለካፌው ኃላፊ፣ ለተማሪዎች ኅብረትና ለወጥ ቤት ሠራተኞቹ በአማርኛ አንድ ገጽ ጻፉላቸው። «ረቡዕና ዓርብ ከሽሮው ጋር ጎመን ቢጨመር አንድ ምድብ ይጨምራል» የሚል ዓይነት፣ ሊያደርጉት የሚችሉትን ነገር። ከማተምዎ በፊት ሄደው ያነጋግሯቸው። ጎመኑ ለምን እንደቀረ፣ አቅራቢው የት እንዳስቸገረና ማገዶው ለስንት ብረት ድስት እንደሚበቃ እነሱ ያውቃሉ። ያ መልስ የውይይት ምዕራፉ ውስጥ መግባት አለበት።