አዳኝና ጠባቂ፦ በሰሜን ሸዋ ስለ ዱር እንስሳት የምንሠራቸው ስህተቶች

አያቴ አዳኝ ነበሩ። ቤታቸው ከደብረ ሲና በላይ፣ ወፍ ዋሻ ጫካ አፋፍ ላይ ነበር። ምሰሶው ላይ አንድ የድኩላ ቀንድ ነበር፤ ጋቢያቸውን ይሰቅሉበታል። ልጅ ሆኜ "አባባ፣ ስንት ገደሉ?" እያልኩ አስቸግራቸው ነበር። ቁጥር አይነግሩኝም። የሚያወሩልኝ ስለተዉት ነበር። "ያቺ ጡቷ አጋቶ ነበር፣ ግልገል አላት ማለት ነው፣ ተውኳት።" "ያ ገና ጎረምሳ ነው፣ ቀንዱ አልጠናም።" ያኔ ይሰለቸኝ ነበር። እኔ የፈለግኩት የተኩሱን ወሬ ነዋ።

ዛሬ ስለ አደን ሲወራ ብዙ ጊዜ የምሰማው ሁለት ነገር ነው። አንዱ "አዳኝ ሁሉ ጨካኝ ነው" ይላል። ሌላው "አያቶቻችን ሲያድኑ ኖረው የለ፣ ምን አለበት?" ይላል። ሁለቱም አንድ ነገር ረስተዋል፤ ደንቡን። አያቴ ደንብ ነበራቸው። ደንብ ያለው አዳኝ እንስሳውን ያውቀዋል፣ ይቆጥረዋል፣ ሲጠፋም ቀድሞ የሚደነግጠው እሱ ነው። ደንቡ ሲጠፋ ግን የሚቀረው መጨረስ ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

የገደለን ሁሉ አዳኝ ማለት

በእኛ አገር ግዳይ ጥሎ መፎከር የቆየ ነው። ግን የሚፎከርበት በምን ነበር? በአንበሳ፣ በዝሆን፣ በጎሽ። ሰውየው ነፍሱን አስይዞ የገጠመውን አውሬ ነው። ሚዳቋ ገድሎ ጎፈር ያሠራ የለም። አሁን በሌሊት ባትሪ አብርቶ፣ ዓይኗ የፈዘዘባትን ድኩላ የሚጥል ሰው ራሱን ከዚያ ወግ ጋር ሲያገናኝ ስሰማ ያመኛል።

ሕጉም ግልጽ ነው። በአገሪቱ የዱር እንስሳት ሕግ መሠረት ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። ስለዚህ ይህን ያነበበ ሰው ጠመንጃውን እንዲወለውል አይደለም የምጽፈው። ፈቃድ ያለው አደን አለ፤ ለምሳሌ በአርሲና በባሌ በኩል ለአደን በተከለሉ ቦታዎች። እዚያ የደጋ አጋዘንና የምኒልክ ድኩላ ይታደናል። ፈቃዱ ለወንዱ ብቻ ነው፤ አዳኙም ብቻውን አይወጣም፣ ክፍያም አለው።

የውጭውን ታሪክ ካያችሁ ደግሞ ይገርማችኋል። አሜሪካ ውስጥ ነጭ ጅራት የሚባለው አጋዘን እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ወደ ጥቂት መቶ ሺዎች ወርዶ ነበር። ሥጋውንና ቆዳውን ለገበያ የሚያወጡ ሰዎች ናቸው የጨረሱት። "ኧረ ይሄ ነገር ሊያልቅ ነው" ብለው ከጮኹት መካከል ብዙዎቹ አዳኞች ነበሩ። ወቅት ተወሰነ፣ ቁጥር ተወሰነ፣ የገበያ አደን ቀረ። በ1937 ደግሞ ፒትማን ሮበርትሰን የሚባል ሕግ ወጣ። በረጅም ጠመንጃና በጥይት ላይ የሚከፈለው 11 በመቶ ቀረጥ ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ያደርጋል። ጥይት የገዛ ሁሉ ለጫካው ከፈለ ማለት ነው። ዛሬ እነዚያ አጋዘኖች ወደ 30 ሚሊዮን ይጠጋሉ።

የፈረንጁን አጋዘን ከእኛው ድኩላ ጋር ማምታታት

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው "እንግዲያው እኛም እናድን፣ ይበዛል" ሊል ይችላል። ቆይ፣ ቆይ። የእነሱ እንስሳ ሌላ ነው። ቀንዱ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ በየዓመቱ ይወድቅና እንደገና ይበቅላል። በእኛ አገር እንደዚያ ያለ እንስሳ በዱር የለም። የእኛዎቹ ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ ቀንዳቸው አንዴ ከበቀለ ዕድሜ ልክ ነው። ከእነሱ አጋዘን ይልቅ ለፍየልና ለላም ይቀርባሉ። አጋዘን የሚለውን ስም ለሁለቱም ስለሰጠን ነው ነገሩ የተደበላለቀው።

ችግሩም ለየቅል ነው። እዚያ ተኩላው ከብዙ ቦታ ስለጠፋ አጋዘኑ ከልክ በላይ ይበዛል። ችግኝ ይጨርሳል፣ በበረዶው ወቅት በረሃብ ያልቃል፣ መንገድ ላይ ከመኪና ይጋጫል። አዳኙ የተኩላውን ቦታ ተክቶ ይቀንሳል። እዚህ ደግሞ የሚቀነስ የለም። ወፍ ዋሻ ውስጥ ድኩላ ለማየት ሙሉ ቀን አድብታችሁ ባዶ እጃችሁን ልትመለሱ ትችላላችሁ። እኔ ተመልሻለሁ። ከእነሱ መውሰድ ያለብን ደንቡን፣ ቆጠራውንና ገንዘቡን ለጥበቃ ማዋላቸውን ነው። ጠመንጃው ይቆየን።

ሴቷን መግደል፣ ግልገሉን "ማዳን"

የምኒልክ ድኩላ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው። ወንዱ ሲጎለምስ ወደ ጥቁር ይጠጋል፤ ቀንድ ያለውም እሱ ብቻ ነው። ሴቷ ቀላ ትላለች። ማንም ሰው በቀን ብርሃን ሊለያቸው ይችላል። በባትሪ ብርሃን ግን የሚታየው ዓይን ብቻ ነው።

ሴቷ ስድስት ወር ገደማ አርግዛ አንድ ግልገል ትወልዳለች። በማንኛውም ወር ልትወልድ ስለምትችል "አሁን ወቅቱ አይደለም" የሚባል ነገር የለም። አንድ ወንድ ለብዙ ሴት ይበቃል። ስለዚህ ሴት የገደለ የሚመጣውንም ዓመት አብሮ ገደለ። አሜሪካኖቹ አጋዘን ለመቀነስ ሲፈልጉ የሴት ፈቃድ የሚያበዙት ለዚህ ነው። ለማብዛት የሚፈልግ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል ማለት ነዋ።

ሌላው በቅን ልብ የሚሠራ ስህተት ነው። እረኞች ቁጥቋጦ ውስጥ ብቻዋን የተኛች ግልገል ያገኛሉ። "እናቷ ጥላት ሄዳለች" ብለው ታቅፈው ወደ ቤት ያመጧታል። እናቷ አልጣለቻትም። ድኩላ ግልገሏን ደብቃ ትሄዳለች፣ ለማጥባት ብቻ ትመለሳለች። ሽታው አውሬ እንዳይጠራ የግልገሏን ኩስ ሳይቀር ትበላዋለች። አንድ ጊዜ ከአያቴ ጋር ሆነን እንዲህ ያለች ግልገል አየሁ። ከኮሶ ዛፍ ሥር፣ ቅጠል ውስጥ ተጣብቃ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ አስተኝታ። ዝንብ አፍንጫዋ ላይ አረፈ፣ አልተንቀሳቀሰችም። እጄን ልዘረጋ ስል አያቴ አንጓዬን ያዙኝ። ምንም አላሉም። ወደ ኋላ ጎተቱኝና በሌላ መንገድ ሄድን። ትንሽ እንደራቅን ከጫካው ውስጥ እንደ ውሻ የሚጮህ ድምፅ ሰማሁ። እናትየዋ ነበረች። ለካ ስታየን ነበር።

ወጥመድ

ስለ ወጥመድ ብዙ አልልም። የሽቦ ወጥመድ ወንድ ሴት፣ እርጉዝ ግልገል አይለይም። ያጠመደው ሰው ረስቶት ቢሄድ እንኳ ሽቦው ሥራውን አያቆምም። ጫካ ውስጥ ካያችሁት ፈትታችሁ ውሰዱት፣ ቦታውን ለጫካው ጠባቂዎች ንገሩ።

ጓሳን የጠበቀው ባዳ ይመስል ማውራት

ይሄኛው ያንገበግበኛል። እንግዳ ሰው መንዝ ጓሳን፣ ያንን ጓሳ የሚባለው ሣር የሚበቅልበትን የደጋ ሜዳ፣ ሲያይ "ጎበዝ ድርጅት ነው የሚጠብቀው" ይላል። ጓሳን ያቆየው የመንዝ ገበሬ ነው፤ ያውም ለመቶዎች ዓመታት። ሥርዓቱ ቄሮ ይባላል። መሬቱ ከሁለቱ አቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ፣ ሲወርድ የመጣ ነው። ተወላጆቹ አለቃ ይመርጣሉ፣ አለቃው ሣሩን ይዘጋል። አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴ ለአምስት ዓመት። በዚያ ጊዜ ከብት አይገባም፣ ጓሳ አይታጨድም። ሲከፈት ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ለሚሆነው ገሳ።

ቦታው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሣሩ በመዘጋቱ አይጡ በዛ፣ አይጡ በመብዛቱ ቀይ ቀበሮ ኖረ። ማንም "ቀበሮ እንጠብቅ" ብሎ አልተነሳም። ሣሩን ጠበቁ፣ ቀበሮው ተረፈ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ቄሮ ፈረሰ። ጓሳ የሁሉም ሆነ፣ ስለዚህ የማንም ሳይሆን ቀረ፤ ታጨደ፣ ታረሰ፣ ተጋጠ። በኋላ ኅብረተሰቡ ራሱ በአዲስ መልክ ደንብ አውጥቶ፣ ከመካከሉ ጠባቂ መርጦ መለሰው።

አደንም እንደዚሁ ነው። አጠገቡ የሚኖረው ገበሬ ከእንስሳው ምንም ካላገኘ፣ ጦጣ ገብስ በበላችበት ቁጥር ቂም ይይዛል። ድርሻ ካለው ግን ወጥመድ የሚያጠምደውን ራሱ ይይዘዋል።

የሞተ አይቶ ዝም ማለት፣ ወይም አርዶ መብላት

ጫካ የሚመላለስ ሰው የበሽታ የመጀመሪያ ምስክር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ አጋዘንን እያከሳ፣ ለሃጩን እያዝረበረበ የሚገድል በሽታ ታየ። መድኃኒትም ክትባትም የለውም። በምራቅና በሽንት ይተላለፋል፣ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። የት እንደደረሰ የሚታወቀው በአመዛኙ አዳኞች የገደሉትን አጋዘን ለምርመራ ስለሚሰጡ ነው። አጋዘን ለመሳብ በቆሎ መከመርም በብዙ ቦታ የተከለከለው አፍ ለአፍ ስለሚያገናኛቸው ነው።

እኛ ዘንድ በሽታው ሌላ ነው እንጂ ነገሩ አዲስ አይደለም። ክፉ ቀን ሲባል የሰማ ሁሉ ያውቃል። በ1880ዎቹ መግቢያ የገባው የደስታ በሽታ በሬውን ፈጅቶ አገሩን አስርቧል። ያ በሽታ በከብት ብቻ አላቆመም። በአፍሪካ ጎሹንም አጋዘኑንም ጨረሰ። ከዓለም ጠፋ ተብሎ የታወጀው በ2003 ዓ.ም. ነው። ደስታ መሰሉ የበግና የፍየል በሽታ ግን አሁንም አለ። የታመመ መንጋ ድኩላ ወደሚጠጣበት ምንጭ መንዳት ለሁለቱም ጉዳት ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ አባ ሰንጋ ነው። ድኩላ ወይም ሚዳቋ ሞቶ ካገኛችሁ፣ በተለይ ሆዱ ተነፍቶ፣ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ጥቁር ደም ወጥቶ ያልረጋ ከሆነ፣ አትንኩት። ቢላ አታውጡ። "ገና ትኩስ ነው" ብሎ የገፈፈ ሰው ራሱ ይታመማል። ቆዳው ሲቀደድ ደግሞ የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ገብቶ ለብዙ ዓመታት ይተኛል። ውሻና አሞራ እንዳይደርሱበት ሰው ተውና ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

ነብርና ቀበሮን መመረዝ

ነብር ፍየል ወሰደ ተብሎ ሬሳው ላይ መርዝ ይደረጋል። ነብሩ ይሞታል፣ ጥንብ አንሳው ይሞታል፣ የጎረቤት ውሻ ይሞታል። ነብር ብዙ ጊዜ የሚቀናው የደከመውን፣ የታመመውን መያዝ ነው። ወፍ ዋሻ ውስጥ የድኩላን ዘር ጤና ከሚጠብቁት አንዱ እሱ ነው። በረቱን በእሾህ ማጠር፣ ማታ ከብት ውጭ አለማሳደር ከመርዝ ይሻላል።

ውሻን ለቆ መሄድ

የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፣ ግን ትልቁ እሱ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ወደ 500 ገደማ ነው፤ ሁሉም ኢትዮጵያ ውስጥ። በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ገብቶ መንጋ መንጋውን ፈጅቷል። ያመጣው ባለቤት ያለው፣ እረኛ የሚከተል፣ ያልተከተበ ውሻ ነው። ውሻችሁን አስከትቡ። ወደ ጓሳ ስትወጡ እቤት ይዋል።

ጓሳ ላይ የሚሆነውን አንድ ጊዜ ጠዋት ተቀምጣችሁ እዩት። ጭላዳዎቹ ሣሩን እየነጩ ሜዳውን ይሞሉታል። ቀይ ቀበሮው መሃላቸው ይገባል። አይሸሹትም፣ እሱም ግልገላቸውን አይነካም። ጆሮውን አቁሞ፣ እግሩን ቀስ ብሎ እያነሳ አይጥ ያደባል። ተመራማሪዎች ሲቆጥሩ ብቻውን ሲያድን ከአራት ሙከራ አንዱ ብቻ ይሳካለታል፤ ጭላዳዎች መሃል ሲሆን ግን ከሦስቱ ሁለቱ። እኔ ባየሁበት ጠዋት ሁለት ያዘ። ሦስተኛውን እያደባ ሳለ ከአንድ እረኛ ኋላ ውሻ ብቅ አለ። ጭላዳዎቹ ባንዴ ጮኸው ወደ ገደሉ ወረዱ። ቀበሮው ባዶ ሜዳ ላይ ቀረ፣ ዞሮ አየንና በጉም ውስጥ ገባ።