የመጨረሻዎቹ 10 ሜትሮች፦ ጂኦካሺንግ ለሚጀምር ሰው

ድልድዩ ትንሽ ነው፣ በእግር ብቻ የሚታለፍ። ስልኬ «2 ሜትር ቀርቷል» ይለኛል። አንድ እርምጃ ስራመድ 6 ሜትር ይላል፣ ስመለስ ደግሞ 4። ድንጋይ አነሳሁ፣ ከድልድዩ ሥር በባትሪ አየሁ፣ የብረት መደገፊያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰስኩ። 40 ደቂቃ አለፈ። ሲደክመኝ ስልኩን ኪሴ ከትቼ ቁጭ አልኩና ብረቱን ዝም ብዬ ማየት ጀመርኩ። ብሎኖቹ ሁሉ ዝገዋል። አንዱ ብቻ አልዛገም። ነካ ሳደርገው ለቀቀ። ለካ ብሎን አይደለም፤ የብሎን ጭንቅላት የመሰለ፣ ከሥሩ ማግኔት ያለው፣ ከጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ዕቃ ነው። ውስጡ የተጠቀለለ ቀጭን ወረቀት አለ፣ ወረቀቱ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት ከእኔ በፊት የመጡ ሰዎች ስምና ቀን ተደርድሯል።

ጂኦካሺንግ ማለት ይኼው ነው። አንድ ሰው ዕቃ ይደብቃል፣ የደበቀበትን ቦታ ኮኦርዲኔት፣ ማለትም ቦታውን የሚጠቁሙትን ቁጥሮች፣ ኢንተርኔት ላይ ይለቃል። ሌላው በጂፒኤስ እየተመራ ሄዶ ይፈልጋል፣ ሲያገኝ ወረቀቱ ላይ ፈርሞ ዕቃውን እንደነበረ ይመልሳል። የተደበቀው ዕቃ ካሽ ይባላል። ድብብቆሽ ነው፤ ልዩነቱ ደባቂው አጠገባችሁ የለም፣ ምናልባትም በሕይወታችሁ አታገኙትም። ለጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የምነግረው አንድ ነገር ነው፦ ስልክ ሰፈሩ ድረስ ያደርሳችኋል እንጂ ዕቃውን አያገኝላችሁም። የመጨረሻዎቹን 10 ሜትሮች የምትሄዱት ደባቂው ምን አስቦ ነበር እያላችሁ ነው።

የተጀመረበት ቀን በትክክል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. እስከ 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል የሚሰጠውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ተራ ሰው የያዘው መሣሪያ እስከ 100 ሜትር ድረስ ሊሳሳት ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2000 ማዛባቱ ቆመ። በማግስቱ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው ኦሪገን ውስጥ፣ ፖርትላንድ አቅራቢያ ቢቨርክሪክ በተባለ ቦታ አንድ ጥቁር ባልዲ ግማሹን መሬት ውስጥ ቀብሮ ኮኦርዲኔቱን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ባልዲው ውስጥ መጻሕፍት፣ ሶፍትዌር፣ ወንጭፍ፣ አንድ ጣሳ ባቄላ፣ የመመዝገቢያ ደብተርና እርሳስ ነበሩ። ደንቡ አጭር ነበር፦ ከውስጡ ውሰዱ፣ የራሳችሁን ተዉ። መጀመሪያ ያገኘው ማይክ ቲግ ነው። ጂኦካሺንግ የሚለውን ስም ማት ስተም የተባለ ሰው በዚያው ወር መጨረሻ አወጣለት፣ በሴፕቴምበር ደግሞ ጄረሚ አይሪሽ ዋናውን ድረ ገጽ ሲከፍት ዓለም ላይ የሚታወቁት ካሾች 75 ነበሩ። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ካንሳስ ውስጥ ሚንጎ በተባለ ቦታ በዚያው በሜይ 2000 የተደበቀ ካሽ አሁንም ፈላጊ አለው፤ እኔ በግሌ ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ እሱ ነው።

ለመጀመር ስልክ ይበቃል። ልዩ የጂፒኤስ መሣሪያ የሚያስፈልገው ጫካና ተራራ ለሚያዘወትር፣ ባትሪ ቶሎ እንዲያልቅበት ለማይፈልግ ሰው ነው። ዋናውን የጂኦካሺንግ አፕ ጫኑ፣ አንድሮይድ ከሆነ ሲ-ጂኦ የሚባለውም አለ። ነፃ አካውንት ክፈቱና የተጠቃሚ ስም ምረጡ። ስሙ አጭር ይሁን። ለምን አጭር እንዳልኳችሁ የመጀመሪያዋን ጥፍር የምታክል ወረቀት ስትፈርሙ ይገባችኋል። አንዳንድ ካሾች ለሚከፍሉ አባላት ብቻ ይታያሉ፣ ግን ለጀማሪ በነፃ የሚታዩት ይበቃሉ።

አሁን ካርታውን ስትከፍቱ ያገኛችሁትን ሁሉ ለመንካት አትቸኩሉ። ምርጫው ላይ ነው ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው። እያንዳንዱ ካሽ ከ1 እስከ 5 የሚሄዱ ሁለት ነጥቦች አሉት። አንዱ ማግኘቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ሌላው መንገዱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ይናገራል። መንገዱ 5 ከሆነ ጀልባ ወይም የመውጫ ገመድ የመሰለ መሣሪያ ያስፈልጋል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ስድስት ካሾች የማግኘቱ ነጥብ ከ1.5፣ የመንገዱ ከ2 የማይበልጥ አድርጉ። መጠኑንም እዩ። ከ100 ሚሊ ሊትር በታች የሆነው ማይክሮ ይባላል፣ የድሮ ፊልም መያዣ የሚያህል ነው፤ እኔ ድልድዩ ላይ ያገኘሁት ዓይነት ደግሞ ናኖ ነው። በእነዚህ አትጀምሩ። ስሞል ወይም ሬጉላር የሚለውን ፈልጉ፣ የምሳ ዕቃ የሚያህል ነገር ቢያንስ በዓይን ይታያል። ከዚያ የመጨረሻ ፈላጊዎች የጻፉትን አንብቡ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው አግኝቶት ከሆነ ቦታው ላይ አለ። ተከታትለው የመጡ ሦስት ሰዎች «አላገኘንም» ካሉ ግን ዕቃው ጠፍቶ ሊሆን ስለሚችል ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ዓይነቱም ብዙ ነው። ትራዲሽናል የሚባለው ኮኦርዲኔቱ በቀጥታ ካሹ ጋ የሚወስደው ነው፣ ጀማሪ በእሱ ይጀምር። መልቲ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ያዞራችኋል። ሚስትሪ መጀመሪያ ቤት ቁጭ ብላችሁ እንቆቅልሽ ካልፈታችሁ ትክክለኛውን ቦታ አይሰጣችሁም። ኧርዝካሽ ዕቃ የለውም፤ ሄዳችሁ የድንጋዩን ወይም የመሬቱን አፈጣጠር አይታችሁ ጥያቄ ትመልሳላችሁ።

እንግዲህ ቦታው ደረሳችሁ እንበል። ኮኦርዲኔቱ የሚጻፈው በዲግሪ፣ በደቂቃና ከደቂቃው ነጥብ በኋላ በሦስት አሃዝ ነው። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ስትሄዱ የመጨረሻው አሃዝ በአንድ ሲለወጥ 1.8 ሜትር ገደማ ተንቀሳቅሳችኋል ማለት ነው። ወረቀት ላይ በጣም ትክክል ይመስላል። ግን ስልካችሁ ገላጣ ሜዳ ላይ እንኳ ጥቂት ሜትሮች ይሳሳታል፣ ረጃጅም ሕንፃ ወይም ገደል አጠገብ ምልክቱ እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ ይብሳል፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ ሥርም እንደዚያው። የደባቂው ስልክም ሲመዘግብ የራሱ ስህተት ነበረው። ሁለቱን ስትደምሯቸው «0 ሜትር» የሚል ጽሑፍ ምንም አይነግራችሁም። ስለዚህ ቀስቱን እየተከተላችሁ እንደ እኔ ወዲያ ወዲህ አትመላለሱ። 20 ወይም 30 ሜትር ራቅ በሉና ቀስቱ የሚያሳየውን አቅጣጫ በዓይናችሁ ያዙ፣ ከዚያ ዞራችሁ በሌላ ጎን መጥታችሁ ድገሙት። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት አካባቢ ነው የምትፈልጉበት። ስልኩን ኪስ ውስጥ ክተቱ።

ከዚያ ቁሙ። እጃችሁን ከመስደዳችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ሙሉ እዩ። «እኔ ብሆን የት እደብቀው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ደባቂው ዕቃው እንዳይታይ ይፈልጋል፣ ግን እንዲገኝም ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ ምልክት የምትሆን ነገር አለች። በተፈጥሮ የወደቀ እንጨት እንዲህ ተደርድሮ አይወድቅም። ሥሩ ላይ ሣር ያልበቀለበት ድንጋይ በቅርቡ ተነስቷል። ከሌሎቹ ይልቅ አዲስ የሆነ፣ ወይም ከሌሎቹ ይልቅ ያረጀ፣ ያለ ቦታው የተቀመጠ ነገር ሁሉ ይጠርጠር። የካሹን ስም መልሳችሁ አንብቡት፣ ብዙ ጊዜ ስሙ ራሱ ጥቆማ ነው። ከታች ደግሞ ሂንት የሚባል የተመሰጠረ ጥቆማ አለ፤ አፑ በአንድ ንክኪ ይፈታዋል፣ እሱን ማየት ነውር አይደለም። ጉድጓድ ውስጥ እጃችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ግን በባትሪ እዩ። ዕቃ አትፍቱ፣ አጥር አትዝለሉ፣ የኤሌክትሪክ ሳጥን አትክፈቱ። ካሹን ለማግኘት አንድ ነገር መስበር ካስፈለገ የተሳሳተ ቦታ ላይ ናችሁ።

ሰው በሚበዛበት ቦታ ሌላ ጣጣ አለ። ስለ ጨዋታው የማያውቀውን አላፊ አግዳሚ ፈላጊዎች ማግል ይሉታል። ማግል እያየ ካሽ ካወጣችሁ፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ሊወስደው ወይም ሊጥለው ይችላል። ቁጭ በሉ፣ ጫማችሁን እሰሩ፣ እስኪያልፍ ጠብቁ። ጥግ ለጥግ የሚያጎነብስ ሰው ያጠራጥራል፣ እና አንድ ሰው ወይም ፖሊስ መጥቶ ምን እየሠራችሁ ነው ካለ አትደብቁ። አፑን አሳዩ፣ እውነቱን ንገሩ። ባለቤት ያልታወቀ ዕቃ ፈንጂ ነው ተብሎ አካባቢ የተዘጋበት ጊዜም አለ፤ ትምህርት ቤት፣ የባቡር ሐዲድና የመንግሥት ሕንፃ አጠገብ መደበቅ የማይፈቀድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ካሹን ስትከፍቱ መጀመሪያ ፈርሙ። ስምና ቀን ይበቃል። እርሳስ ያዙ፣ እርጥብ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ እምቢ ይላል። ለናኖ ደግሞ ወረንጦ ያስፈልጋል፣ ያቺ ወረቀት በጣት አትወጣም። ትልቅ ካሽ ከሆነ ውስጡ ትናንሽ ዕቃዎች ይኖራሉ፤ ከወሰዳችሁ በዋጋ እኩል ወይም የተሻለ ነገር ተኩ። ምግብ አታስገቡ፣ ሽታው እንስሳ ይጠራል፣ እንስሳውም ሳጥኑን ያኝከዋል። ስለት፣ መድኃኒት፣ አልኮል ክልክል ነው። ቁጥር የተቀረጸበት የብረት ሰሌዳ የተንጠለጠለበት ዕቃ ካገኛችሁ እሱ ትራቭል በግ (በእንግሊዝኛ Travel Bug) ነው፣ የእናንተ አይደለም። መንገደኛ ነው። ባለቤቱ ወዴት እንዲሄድ እንደሚፈልግ ድረ ገጹ ላይ አንብቡ፣ ከቻላችሁ ውሰዱትና ሌላ ካሽ ውስጥ አስቀምጡት። ወደፊት የምታንቀሳቅሱት ካልመሰላችሁ እዚያው ተዉት፤ አንድ ሰው መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት የቀረ ትራቭል በግ ባለቤቱን ያሳዝናል። ስትጨርሱ ሁሉንም ልክ እንዳገኛችሁት መልሱ። «እዚህ ጋ ይሻላል» ብላችሁ ቦታ አትቀይሩ።

ቤት ስትገቡ ወይም እዚያው ቆማችሁ አፑ ላይ ሎግ ትጽፋላችሁ። እዚህ ላይ ልለምናችሁ። «ቲኤፍቲሲ» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው፣ ስለ ካሹ እናመሰግናለን የሚለው የእንግሊዝኛ አባባል ምህጻር ነው። ደባቂው ግን ሣጥኑን ገዝቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ ቦታውን መርጦ፣ ከእናንተ አንድ ሳንቲም ሳያገኝ የሚጠብቀው ያንን ጽሑፍ ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉለት። ከማን ጋር ሄዳችሁ፣ ምን አሳሳታችሁ፣ ስታገኙት ምን ተሰማችሁ። ቦታውን የሚያጋልጥ ነገር ብቻ አትጻፉ፣ ፎቶም ስትለጥፉ ተጠንቀቁ። ካላገኛችሁም ጻፉ። ዲኤንኤፍ ይባላል፣ ውርደት አይደለም፤ ባለቤቱ ካሹ መጥፋቱን የሚያውቀው በእሱ ነው። ከሁሉ የከፋው ሳያገኙ አገኘሁ ማለት፣ ወይም አጣሁት ብሎ በራስ ሥልጣን ሌላ ዕቃ ጥሎ መሄድ ነው። በኋላ የሚመጣው ሰው ሁለት ካሽ ያገኛል፣ የትኛው እውነተኛ እንደሆነ አያውቅም።

ሌሎች ፈላጊዎችን ለማወቅ ኢቨንት የሚለውን፣ ማለትም የፈላጊዎችን ስብሰባ፣ ካርታው ላይ ፈልጉ። ቦታና ሰዓት ይሰጣል፣ ትሄዳላችሁ፣ ለወራት ስማቸውን ወረቀት ላይ ስታነቡ የነበሩ ሰዎችን ፊት ለፊት ታገኛላችሁ። አዲስ ካሽ በወጣ ቅጽበት መጀመሪያ ለመድረስ ሌሊት የሚነሱ አሉ፣ ከዓመት ዓመት እንቆቅልሽ ብቻ የሚፈቱ አሉ። ከእ.ኤ.አ. 2002 ጀምሮ ደግሞ ሲቶ የሚባል ነገር አለ፤ ፈላጊዎች ተሰብስበው አንድን ቦታ ከቆሻሻ ያጸዳሉ። ለማያውቅ ሰው ይህን ማኅበረሰብ ለማሳየት የምመርጠው እሱን ነው።

የራሳችሁን ለመደበቅ ቢያንስ 20 ካሽ እስክታገኙ ቆዩ። መጥፎ አደባበቅ ምን እንደሚመስል የሚያስተምረው ፍለጋው ነው። የመሬቱን ባለቤት አስፈቅዱ። ከሌላ ካሽ 161 ሜትር መራቅ አለበት። የመጀመሪያው ባልዲ ቢቀበርም፣ ዛሬ የመሬቱ ባለቤት በግልጽ ካልፈቀደ መቆፈር ክልክል ነው። ዝናብ የማያስገባ፣ በአራት ጎን የሚቆለፍ ሣጥን ምረጡ፣ ቤት ውስጥ ውሃ ባልዲ ውስጥ ነክራችሁ ፈትኑት። ኮኦርዲኔቱን በአንድ ቀን ልኬት አትመኑ፤ በተለያየ ቀን ሦስት አራት ጊዜ ለኩና አማካዩን ውሰዱ። በጎ ፈቃደኛ ገምጋሚ አይቶ ሲያጸድቀው ካርታው ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ሲሞላ፣ ክዳኑ ሲሰነጠቅ ሄዶ መጠገን የእናንተ ሥራ ነው፣ ስለዚህ ለእረፍት በሄዳችሁበት ሩቅ ቦታ አትደብቁ። አንድ ቀን ሲሰለቻችሁ ወይም ከአካባቢው ስትለቁ ካሹን ከካርታው ላይ አውርዱት። ከካርታው ከማውረዳችሁ በፊት ግን ሂዱና ሣጥኑን አንሱት፣ ወረቀቱንም ቤታችሁ አስቀምጡት።