የአሲድና የቤዝን ጥንካሬ እንዴት መለየት ይቻላል?

አልጫ ወጥ ነጠላ ላይ ጠብ ሲል ቢጫ እድፍ ይተዋል። አጣቢዋ ሳሙና ስታስነካው ግን ቢጫው ዐይኗ እያየ ይቀላል፤ ልብሱ የተበላሸ ይመስላትና ትደነግጣለች። የተበላሸ ነገር የለም። የእርድ ቀለም እንደ ሳሙና ያለ ቤዝ ሲያገኘው ይቀላል፣ አሲድ የሆነው ሎሚ ሲጨመቅበት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ደሴ ውስጥ ኬሚስትሪ ሳስተምር ትምህርቱን የምጀምረው ከዚህ እድፍ ነው።

በመጀመሪያ መፈተሻውን አዘጋጁ። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በግማሽ ስኒ የሕክምና አልኮል በጥብጡ፤ ከእሳት ራቁ። ነጭ ወረቀት ንከሩበትና ጥላ ላይ አድርቁት። ከዚያ የሳሙና ውሃ፣ የተጠለለ የአመድ ውሃ፣ የሎሚ ጭማቂና አቼቶ በየተራ አንጠብጥቡበት። ሳሙናውና አመዱ ያቀሉታል። ሎሚውና አቼቶው ግን ቢጫነቱን አይነኩትም፤ እርድ አሲድን ከተራ ውሃ አይለይምና። አሲድን ለመለየት ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅሉ፤ ውሃው በአሲድ ወደ ቀይ፣ በቤዝ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይለወጣል።

ቀጥሎ ቁጥሩ ይመጣል። የፒኤች መለኪያን እ.ኤ.አ. በ1909 ያቀረበው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን ነው። ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ ነው፤ የአንድ ቁጥር ልዩነት የሃይድሮጂን አዮንን፣ ማለትም አሲድ ውሃ ውስጥ የሚለቀውን ኤሌክትሪክ የተሞላ የሃይድሮጂን ቅንጣት፣ መጠን በአሥር እጥፍ ይለውጣል። የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ ነው። ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ደግሞ ወደ 9 ይጠጋል፤ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራል።

አሁን ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ወደሚሳሳቱበት ቦታ ደረስን። «ውሃ የበዛበት አሲድ ደካማ አሲድ ነው» ይላሉ። አይደለም! ጥንካሬ ማለት አሲዱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከሞለኪውሎቹ ስንቱ ሃይድሮጂን አዮኑን ይለቃል ማለት ነው። ሞል የሞለኪውሎች ብዛት መቁጠሪያ ነው። በአንድ ሊትር ውስጥ 0.1 ሞል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢኖር፣ ከአንድ ሺህ ሞለኪውሎች ሁሉም ማለት ይቻላል ይለቃሉ፤ ፒኤቹ 1 ይሆናል። በዚያው መጠን የአቼቶው አሲድ፣ ማለትም አሴቲክ አሲድ፣ ቢኖር ግን ከአንድ ሺህ 13 ያህሉ ብቻ ይለቃሉ፤ ፒኤቹ 2.9 አካባቢ ነው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሃይድሮክሎሪክ አሲዱን ወደ 75 እጥፍ ብናቀጥነው እሱም 2.9 ገደማ ይደርሳል። ቁጥሩ ከአሴቲክ አሲዱ ጋር ተመሳሰለ፤ ጠባዩ ግን አልተለወጠም፣ አሁንም ያለውን ሁሉ ይለቃል። ፒኤች ብቻውን ጥንካሬን የማይነግረን ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሁለት አሲዶችን ስታወዳድሩ አስቀድማችሁ በአንድ ሊትር ያላቸውን ሞል እኩል አድርጉ፤ ፒኤቻቸውን የምትለኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለው ጠንካራው ነው። የባትሪ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ቤት ውስጥ አይሞከሩም፤ ለቤተ ሙከራ ተዉአቸው።

ቤዝም በዚሁ መንገድ ይወዳደራል፤ እዚህ ግን ጠንካራው ቁጥሩ ከፍ ያለው ነው። በሊትር 0.1 ሞል ሲሆኑ ኮስቲክ ሶዳ 13፣ አሞኒያ ደግሞ 11.1 ገደማ ያሳያሉ።