ኮርቻ ሰሪ መሆን ለምትፈልጉ
ቀጥታ ኮርቻ አትጀምሩ፣ መጀመሪያ ቀበቶና ልጓም እየሰፋችሁ እጃችሁን አፍታቱ። ዋናው ስፌቱ ነው፣ በወስፌ ትበሱና ሰም የተቀባ አንድ ክር ሁለቱም ጫፍ ላይ መርፌ አድርጋችሁ በዛው ቀዳዳ ከግራም ከቀኝም ታሳልፉታላችሁ፣ አንዱ ጎን ቢበጠስ ሌላው ይይዘዋል፣ የማሽን ስፌት ግን አንዴ ከለቀቀ ይተረተራል።

ወደ ኮርቻው ስትገቡ ደግሞ የውስጥ እንጨቱን አናጢ ይስራላችሁ፣ ጥሬ ቆዳውን ነክራችሁ እርጥብ እያለ ወጥራችሁ ስፉበት፣ ጥላ ላይ ሲደርቅ ራሱ ጭምቅ አርጎ ይይዘዋል። ከሁሉም በፊት ግን ፈረሱን ለኩ በናታችሁ! ኮርቻ አከርካሪው ላይ ሳይሆን ግራና ቀኝ ነው ማረፍ ያለበት፣ ገጣባ ያወጣ ፈረስ ማየት በጣም ያማል።

ከቻላችሁ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር እንጅባራ ሂዱ፣ የፈረሰኞቹን ኮርቻ ቀረብ ብላችሁ እዩ፣ ማን እንደሰራላቸውም ጠይቁ።