የአነስተኛ ድርጅት የቴክኖሎጂ በጀት እንዴት ይታቀዳል? እንዴትስ ቁጥጥር ይደረግበታል?

በአነስተኛ ድርጅቶች ዘንድ የቴክኖሎጂ ወጪ ብዙውን ጊዜ ራሱን የቻለ የሒሳብ መደብ የለውም። ኮምፒውተር ሲበላሽ ይገዛል፣ ኢንተርኔት ሊቋረጥ ሲል ይከፈላል፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩ ፈቃድ ሲያልቅ ይታደሳል፤ ሁሉም ግን «ልዩ ልዩ ወጪ» በሚለው ርዕስ ሥር ተደባልቆ ስለሚመዘገብ በዓመቱ መጨረሻ በጠቅላላው ምን ያህል እንደወጣ የሚያውቅ ሰው አይገኝም። እኔም የአንድ አነስተኛ ድርጅት ወጪ እንድከታተል ኃላፊነት ሲሰጠኝ የተረከብኩት እንዲህ ያለ መዝገብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የገጠሙንን ችግሮች መለስ ብዬ ስመለከት፣ ዕቃ ስለተወደደ የተጎዳንበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ጉዳት የደረሰብን ክፍያው መቼ እንደሚመጣና ማስታወቂያው ለማን እንደሚደርስ ባለመመዝገባችን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከገንዘቡ መጠን በፊት ቀኑን ያስቀድማል።

1. ያለውን ንብረት መመዝገብ

ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እያንዳንዱን ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ራውተርና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባለባትሪ መሣሪያ) እየዞሩ ይመዝግቡ፤ የተገዛበትን ቀን፣ የሚጠቀምበትን ሰው፣ ዋስትናው የሚያበቃበትን ቀንና የሚሠራበትን ሶፍትዌር ይጻፉ። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ልዩ ሶፍትዌር አለ፤ ሠራተኞቹ ከ30 ለማይበልጡ ድርጅት ግን አስፈላጊ ነው ብዬ አላምንም። አንድ የኤክሴል ሰንጠረዥ ይበቃል።

2. ተደጋጋሚ ክፍያዎችን ፈልጎ ማውጣት

የሥራው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ስለሚታይ አይረሳም፤ በየወሩ ወይም በየዓመቱ ከባንክ ሒሳብ ወይም ከካርድ ላይ በራሱ የሚቆረጠው ክፍያ ግን አይታይም። ስለዚህ የባንክና የካርድ ስቴትመንቶችን ያስወጡና መስመር በመስመር ያንብቡ። ብዙ ሰው የ12 ወራቱን ብቻ ይወስዳል፤ እኔ ግን የ13 ወራቱን እንዲወስዱ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ዓመታዊ ክፍያ በጥቂት ቀናት ወደፊት ወይም ወደኋላ ሲንሸራተት ከ12 ወራቱ ውጭ ሊወድቅና ከዓይን ሊያመልጥ ይችላል። ከዚያም የጥቃቅን ወጪ ደረሰኞችንና ሠራተኞች ከኪሳቸው ከፍለው ያስመለሱትን ሒሳብ ይመልከቱ። በመጨረሻም በድርጅቱ የኢሜይል ሳጥን ውስጥ «ኢንቮይስ» እና «ሪኒዋል» የሚሉትን ቃላት ይፈልጉ፤ በእኛ ዘንድ ማንም የማይጠቀምባቸው ሁለት አገልግሎቶች የተገኙት በዚህ መንገድ ነበር።

ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚከፈለውን መጠን፣ ለስንት ተጠቃሚ እንደሚከፈል፣ ክፍያው ወርኃዊ ወይም ዓመታዊ መሆኑን፣ የሚከፈልበትን ገንዘብ ዓይነትና የእድሳቱን ቀን ይመዝግቡ። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ከእነዚህ የማይተናነሱ ሁለት ዓምዶች ግን ይቀራሉ።

የመጀመሪያው «መወሰኛ ቀን» ነው። አንዳንድ ውሎች አገልግሎቱን ለማቋረጥ የሚፈልግ ደንበኛ ከእድሳቱ 30፣ 60 ወይም 90 ቀናት አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳሉ፤ ያ ቀን ካለፈ ውሉ ለሌላ ሙሉ ዓመት ይቀጥላል። ስለዚህ በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ማስታወሻ የሚያስቀምጡት በእድሳቱ ቀን ሳይሆን ከመወሰኛው ቀን ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይሁን። ሁለቱ ሳምንታት የሌላ አቅራቢ ዋጋ ለመጠየቅና ተጠቃሚዎቹን ለማነጋገር የሚያስፈልጉ ናቸው።

ሁለተኛው ዓምድ አካውንቱ የተከፈተበት ኢሜይል ነው። የዚህን ጥቅም የተረዳሁት በከባድ ስህተት ነው። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ደንበኛ ደውሎ በኢሜይል የላከልን የዋጋ መጠየቂያ ተመላሽ እንደሆነበት ነገረኝ። የኢንተርኔት መስመሩ ችግር መስሎኝ ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ለአገልግሎት ሰጪው ደወልኩ፣ ቀኑ እስኪጋመስ በዚሁ ባከንኩ። ከሰዓት በኋላ የራሳችንን ድረ ገጽ ስከፍት በቦታው የሌላ ኩባንያ ማስታወቂያ አገኘሁ፤ የዶሜይን ስማችን፣ ማለትም ድረ ገጻችንና ኢሜይላችን የሚገኙበት የኢንተርኔት አድራሻ፣ ጊዜው አልፎ ነበር። አካውንቱን ከዓመታት በፊት የከፈተው ሥራ የለቀቀ ባልደረባችን ሲሆን የተመዘገበውም በግል ኢሜይሉ ነበር። የእድሳት ማሳሰቢያዎቹ ሁሉ ይደርሱ የነበረው እሱ መመልከት ወደተወው ሳጥን ነው። ባልደረባችን በስልክ ተገኝቶ በቅንነት ተባበረን፤ ሆኖም ስሙን ለማስመለስ ከመደበኛው የእድሳት ዋጋ ብዙ እጥፍ ከፈልን፣ ለአራት ቀናትም ያለ ኢሜይል ሠራን። የዋጋ መጠየቂያውን የላከው ደንበኛ ሥራውን ለሌላ ሰጠ።

ለዚህ የሚሆነው ጥንቃቄ ቀላል ነው። እንደ ዶት ኮም ባሉት የዶሜይን ዓይነቶች፣ ጊዜው ያለፈ ስም በመዝጋቢው ኩባንያ ከተሰረዘ በኋላ የቀድሞ ባለቤቱ ተጨማሪ ክፍያ ከፍሎ የሚያስመልስበት የ30 ቀናት ጊዜ አለ፤ ያ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ ስሙ ለማንም ፈላጊ ክፍት ይሆናል። ስለዚህ ዶሜይኑን አንዴ ለብዙ ዓመታት ያሳድሱት፤ ከሌሎች ወጪዎች አንጻር ክፍያው አነስተኛ ነው። አካውንቶችን ሁሉ በግለሰብ ስም ሳይሆን በሥራ ክፍል በተሰየመ የድርጅቱ ኢሜይል ይክፈቱ። ከዚህ ደንብ ውጭ የሚሆነው አንድ አካውንት ብቻ ነው፤ እሱም የዶሜይኑ የራሱ አካውንት ነው። የዶሜይኑ አካውንት በዚያው ዶሜይን ላይ ባለ ኢሜይል ከተከፈተ፣ ዶሜይኑ ሲዘጋ ኢሜይሉም አብሮ ስለሚዘጋ ማሳሰቢያውም ሆነ የይለፍ ቃል መቀየሪያው አይደርስም። ለእሱ ብቻ ከድርጅቱ ዶሜይን ውጭ የሆነ ኢሜይል ይክፈቱና ሁለት ኃላፊዎች ይያዙት።

3. የመተኪያ ወጪን ማስላት

ኮምፒውተር በድንገት የሚተካ ዕቃ አድርጎ ማሰብ በጀትን ያናጋል። በቢሮ ሥራ ላይ ያለ ላፕቶፕ በተለምዶ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል። የዩፒኤስ ባትሪም በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፤ በሞቃት ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ደግሞ ዕድሜው ያጥራል። ድርጅቱ 12 ኮምፒውተሮች ቢኖሩትና የእያንዳንዱ ዕድሜ 4 ዓመት ተብሎ ቢታሰብ በየዓመቱ 3 ኮምፒውተሮች ይተካሉ ማለት ነው፤ ወይም የእያንዳንዱ ኮምፒውተር ዋጋ አንድ አርባ ስምንተኛ በየወሩ ለብቻ ይቀመጣል። ሁሉንም በአንድ ዓመት የገዛ ድርጅት ሁሉንም በአንድ ዓመት ለመተካት ይገደዳል፤ እንዲህ ያለ ሁኔታ ከገጠመዎ ጥቂቶቹን ቀደም ብለው፣ ጥቂቶቹን ዘግየት ብለው በመተካት ቀስ በቀስ ያራርቋቸው።

የዕቃው ዕድሜ የሚለካው በአካሉ ብቻ አይደለም። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት ማሻሻያን ጨምሮ) ያበቃው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደህንነት ክፍልና በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ አካላቸው ደህና የነበሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ወደ አዲሱ ማደግ አልቻሉም። ቀኑ ግን ከዓመታት በፊት የታወቀ ነበር። በንብረት መዝገቡ ላይ የሶፍትዌሩ ድጋፍ የሚያበቃበትን ቀን የጻፈ ድርጅት ግዢውን ለሦስትና ለአራት ዓመታት ሊያከፋፍለው ይችል ነበር። አዝጋሚ የሆነን አሮጌ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን የመረጃ ማስቀመጫ መተካት ጥሩ ቁጠባ ነው፤ ነገር ግን ሶፍትዌሩ ድጋፍ በማያገኝ ማሽን ላይ ይህን ወጪ ማውጣት አይገባም።

4. በጀቱን መከፋፈልና አዲስ ግዢን መመዘን

አሁን ቁጥሮቹ በእጅዎ ስላሉ በጀቱን በሦስት ይክፈሉት፦ ሥራው እንዳይቆም የሚያስፈልግ፣ ለመተኪያ የሚቀመጥ፣ ለአዲስ ሥራ የሚውል። በዚህ ላይ ከጠቅላላው 10 በመቶ ያህል ለመጠባበቂያ እይዛለሁ። በውጭ ምንዛሪ የሚከፈሉትን ለብቻ ዘርዝሩና የምንዛሪ ለውጥ የሚሸፍን ጭማሪ ያስሉላቸው፤ የአቅራቢው ዋጋ ሳይለወጥ የእርስዎ ወጪ ሊጨምር ስለሚችል ነው። «ከገቢህ ይህን ያህል በመቶ ለቴክኖሎጂ መድብ» የሚለውን ምክር አልከተልም፤ የሌላ ድርጅት መቶኛ የእርስዎን ዕቃ ዕድሜ አያውቅም።

አዲስ ነገር ለመግዛት ሲታሰብ በፕሮፎርማው ላይ ያለው ዋጋ የወጪው መጀመሪያ ብቻ ነው። የማስገጠሚያውን፣ የቀድሞውን መረጃ ወደ አዲሱ የማዛወሪያውን፣ የሥልጠናውን፣ የዓመታዊ ጥገናውንና ወደፊት አገልግሎቱን ለመልቀቅ ቢፈለግ መረጃን ይዞ የመውጫውን ወጪ ይደምሩ። ፕሪንተር ጥሩ ማሳያ ነው። የቶነሩን ዋጋ ለሚያትመው የገጽ ብዛት ሲያካፍሉ የአንድ ገጽ ዋጋ ይገኛል፤ ርካሹ ማሽን በጥቂት ወራት ውስጥ በጠቅላላ ወጪው ከውዱ በልጦ ሲገኝ አይቻለሁ። በተጨማሪም በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የገጽ ብዛት የሚለካው ቀለም የገጹን 5 በመቶ ያህል በሚሸፍንበት ሁኔታ ነው። አርማና ጥቅጥቅ ያለ ሰንጠረዥ ያለበት ደብዳቤ የሚያትም ቢሮ ከዚያ ያነሰ ገጽ እንደሚያገኝ አስቀድሞ ይያዝ።

ዓመታዊ ክፍያ ብዙ ጊዜ ቅናሽ ስላለው ያጓጓል። አዲስ አገልግሎት ከሆነ ግን መጀመሪያ ለሦስት ወራት በየወሩ ይክፈሉ፤ ሠራተኞቹ በእርግጥ እንደሚጠቀሙበት ሲያረጋግጡ ወደ ዓመታዊው ይዛወሩ። በጀት ሲጠብ ደግሞ የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂን አይቀንሱ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ የሚለው ልማድ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ በየሦስት ወሩም አንድ ፋይል መልሰው በመክፈት ቅጂው እንደሚሠራ ይፈትኑ።

5. ወርኃዊ ቁጥጥር

በየወሩ በአንድ በተወሰነ ቀን አንድ ሰዓት ይመድቡ። ሰንጠረዡ የታቀደውን፣ እስካሁን የወጣውንና በዚህ አካሄድ እስከ ዓመቱ መጨረሻ የሚወጣውን ጎን ለጎን ያሳይ። ሦስተኛው ዓምድ ከሌለ ቁጥጥሩ ያለፈውን ከመዘገብ አያልፍም። ከዕቅዱ በ10 በመቶ ያለፈ መስመር ካለ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉበት። የቴክኖሎጂ ክፍያዎች ሁሉ ጣሪያ በተቀመጠለት አንድ ካርድ ወይም አንድ ሒሳብ ብቻ ቢፈጸሙ ክትትሉ እጅግ ይቀላል፤ ግዢ የሚጠይቀውና የሚያጸድቀው ሰውም የተለያዩ ይሁኑ።

ሠራተኛ ሲለቅ በዚያው ቀን አካውንቶቹ ይዘጉ፣ በስሙ የሚከፈለው የተጠቃሚ ቁጥርም ይቀነስ። ዓመታዊ ውል ከሆነ ቅነሳው የሚፈጸመው በእድሳቱ ጊዜ ሊሆን ስለሚችል በመወሰኛው ቀን ማስታወሻ ላይ «አንድ ተጠቃሚ ይቀነስ» ተብሎ ወዲያውኑ ይጻፍ።

የሚቀጥለውን ዓመት በጀት የበጀት ዓመቱ ከማለቁ ሁለት ወር አስቀድመው ይጀምሩ። ባዶ ወረቀት አያስፈልግዎትም፤ ይህንኑ መዝገብ ገልብጠው፣ የመወሰኛ ቀናቱን በቅደም ተከተል አሰልፈው፣ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ «ይህን አሁንም የሚጠቀምበት ማን ነው?» እያሉ በስም ይጠይቁ። ስም ያልተገኘለትን መስመር ለሚመለከታቸው ሁሉ አሳውቀው አንድ ሳምንት ይጠብቁ፤ ባለቤት ነኝ የሚል ካልቀረበ ውሉን ያቋርጡ።