በደሴ የሰፈር ለሰፈር ቼዝ ውድድር እንዴት ይዘጋጃል?

እ.ኤ.አ. በ1950 በዱብሮቭኒክ የተካሄደውን የቼዝ ኦሊምፒያድ፣ ማለትም አገሮች በቡድን የሚወዳደሩበትን ውድድር፣ አሠራር ውሰዱ፣ ለደሴ ልክ ይሆናል። 16 አገሮች ነበሩ፣ ሁሉም ከሁሉም ተጫወቱ፣ አዘጋጇ ዩጎዝላቪያ አሸነፈች።

እኛ በአራት ቡድን እንጀምር፤ ፒያሳ፣ ሆጤ፣ ሸዋ በር፣ ኮምቦልቻም ትጋበዝ። ለአንድ ቡድን አራት ተጫዋችና ሁለት ተጠባባቂ ይበቃል።

ዋናው ነገር የሰሌዳ ቅደም ተከተል ነው። ጎበዙ አንደኛ ሰሌዳ ላይ ይቀመጥ፣ ቀጣዩ ሁለተኛ፣ እንዲህ እያለ ይውረድ፤ ከተጀመረ በኋላ ግን መቀያየር የለም፣ አለበለዚያ አንዱ ሰፈር ደካማውን ለሌላው ጎበዝ ሰጥቶ ሦስቱን ሰሌዳ ይለቅማል፣ ይሄ ደግሞ ውድድሩን ይገድለዋል። ተጠባባቂ ሲገባ የታችኞቹ ከፍ ይበሉ፣ እሱ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ።

ለቀለም ዕጣ ጣሉ። በ1ኛና በ3ኛ ሰሌዳ ነጭ የያዘ ቡድን በ2ኛና በ4ኛ ጥቁር ይይዛል።

ላሸነፈ 1፣ ለአቻ ግማሽ ነጥብ፤ የአራቱን ደምሩ። ዩጎዝላቪያ ከ60 ነጥብ 45.5 አግኝታ አርጀንቲናን በ2 ብቻ ነው የበለጠችው። ስለዚህ ቡድኑ ቢሸነፍም አንዲት አቻ ዋጋ አላት፣ ልጆቹ ይሄን አጥብቀው ይወቁ።

ስምንት ሰሌዳ ያስፈልጋል። የሁለቱን ተጫዋቾች የማሰቢያ ጊዜ ለየብቻ የሚቆጥረው የቼዝ ሰዓት ከሌለ፣ መተግበሪያው ስልክ ላይ ይጫናል። ክረምት ከሆነ ቤት ውስጥ አድርጉት፣ የደሴ ብርድ ጣት ያደነዝዛል።