የብዙ ቀን የብስክሌት ውድድር ለጀማሪ፦ በሦስተኛው ቀን እግር እንዳይከዳ

በአንድ ቀን ውድድር ያለ የሌለ ጉልበትን አራግፎ መጨረሻው መስመር ላይ መዘረር ይቻላል፤ በማግስቱ የሚጠይቅ የለም። የብዙ ቀን ውድድር ግን ዛሬ የባከነውን ነገ ከእግር ላይ ይቆርጣል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሰበረው በሦስተኛው ቀን ነው። የሚሰብረው ግን በመጀመሪያው ቀን ሜዳ ላይ የገባበት የማያስፈልግ ፉክክርና በዚያው ምሽት በቅጡ ሳይበላው የቀረ እራት ነው። ስለዚህ ከኮርቻ ላይ ሰዓቶች ይልቅ ከመጨረሻው መስመር እስከ ነገው መነሻ ባሉት ሰዓቶች ላይ ይበልጥ እንቆያለን።

ሂሳቡ

የእያንዳንዱ ቀን ውድድር ምዕራፍ ይባላል። አጠቃላይ ደረጃው የሚወጣው የሁሉም ምዕራፎች ሰዓት ተደምሮ ነው፤ ድምሩ ያነሰ ይቀድማል። አንድም ምዕራፍ ሳያሸንፉ አጠቃላዩን ማሸነፍ ይቻላል ማለት ነው። በአንድነት መስመሩን የሚያልፍ ቡድን ለሁሉም አባላቱ አንድ ዓይነት ሰዓት ይመዘገብለታል። ስለዚህ አርባኛ ሆናችሁ ከዋናው ቡድን ጋር ብትገቡ፣ ለቀዳሚዎች የሚሰጥ የጉርሻ ሰከንድ ከሌለ በቀር፣ ከአሸናፊው በአንድ ሰከንድ አትበለጡም። ከመስመሩ በፊት ፔዳል መምታት አቁማችሁ ከፊታችሁ ካለው ጎማ ከተነጠላችሁ ግን ክፍተቱ ይቆጠራል። መስመሩን እስክታልፉ ድረስ ምቱ።

የሰዓት ገደብም አለ፤ የሚሰላው ከአሸናፊው ሰዓት በመቶኛ ነው። ገደቡ 15 በመቶ ከሆነና አሸናፊው 3 ሰዓት ፈጅቶ ከገባ፣ ከ27 ደቂቃ በላይ የዘገየ በማግስቱ አይነሳም። መቶኛው እንደ ውድድሩና እንደ ምዕራፉ ክብደት ስለሚለያይ በአዘጋጁ የቴክኒክ መመሪያ ውስጥ ፈልጉት። በዚያው መመሪያ ውስጥ የመነሻ ፊርማ ሰዓትን፣ ሳይወዳደሩ ከመሪ መኪና ኋላ የሚነዳውን የመጀመሪያ ርቀት፣ ምግብና ውሃ መቀበያ ቦታውን፣ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች የወደቀ ወይም ብስክሌቱ የተበላሸበት ሰው ሰዓቱ እንዴት እንደሚያዝ ታገኛላችሁ። በዓለም አቀፉ ደንብ እንዲህ ያለ ሰው አብሮት የነበረው ቡድን ሰዓት ይያዝለታል፤ ይህ ጥበቃ በሜዳማ ምዕራፎች የመጨረሻ 3 ኪሎ ሜትር ላይ የሚሠራ የታወቀ ሕግ ነው፤ የእናንተ ውድድር እንደሚጠቀምበት ግን አረጋግጡ። በየማታው አቀበቶቹ በስንተኛው ኪሎ ሜትር እንደሚጀምሩ፣ መመገቢያውና ጠባቡ መታጠፊያ የት እንዳሉ በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ በመሪው ግንድ ላይ በፕላስተር ለጥፉ።

ከውድድሩ በፊት ያሉት ሳምንታት

ሰውነት መልመድ ያለበት ረጅም መንዳትን ብቻ ሳይሆን በደከመ እግር እንደገና መነሳትን ነው። ከውድድሩ በፊት ባሉት ስድስት ወይም ስምንት ሳምንታት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀናትን አያይዙ፦ በመጀመሪያው ቀን ጠንካራ አቀበቶች፣ በሁለተኛው ከ3 እስከ 4 ሰዓት መካከለኛ ጉዞ፣ በሦስተኛው አጭር ነገር ግን ፈጣን ልምምድ። በእነዚያ ቀናት በውድድሩ የምትበሉትን ምግብ ሁሉ ሞክሩ። የመጨረሻው ከባድ ቅንጅት ከውድድሩ 10 ወይም 14 ቀን ቀደም ብሎ ይለቅ። ከዚያ በኋላ የሰዓቱን መጠን ከ40 እስከ 60 በመቶ ቀንሱ፤ ፍጥነቱን ግን አትቀንሱ፤ አጫጭር ጠንካራ ምቶች ይቀጥሉ። በመጨረሻው ሳምንት «ዝግጅቴ አልበቃም» ብሎ የሚደረግ ረጅም ጉዞ ድካም እንጂ አቅም አይጨምርም።

ብስክሌቱ

አዲስ ነገር በውድድሩ ቀን አይገጠም። ካቴና በመለኪያው 0.5 በመቶ ከተለጠጠ ቀይሩት፤ ይህን ግን ሁለት ሳምንት ቀድማችሁ አድርጉ። ምክንያቱም አዲስ ካቴና ባረጁ የኋላ ጥርሶች ላይ በኃይል ሲመታ ይዘላል፤ ይህ የሚታየውም አቀበት ላይ ቆማችሁ ስትመቱ ነው። የፍሬን ሸራዎችን አውጥታችሁ ውፍረታቸውን እዩ፤ አዲስ ከገጠማችሁ ከፍጥነት ወደ ቀስታ ሃያ ጊዜ ያህል ሳትቆሙ በመያዝ አለማምዷቸው፤ አለዚያ በመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ አይዙም። የመሪ ግንድና የኮርቻ ምሰሶ ቡሎኖችን በተጻፈባቸው ልክ፣ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ፣ በመለኪያ ቁልፍ አጥብቁ።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ፣ ውስጥ ጎማ በሌለበት አገጣጠም፣ ከ4 እስከ 5 ባር የአየር ግፊት በቂው ነው። ብዙ ጀማሪ «ጠንካራ ጎማ ፈጣን ነው» ብሎ 7 ባር ይሞላል፤ በሻካራ መንገድ ላይ ብስክሌቱ እየዘለለ ፍጥነት ያጣል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መታጠፊያ ላይ ይንሸራተታል። እርጥብ ከሆነ 0.3 ባር ያህል አውጡ።

ትርፍ ቸርኬ ለአገልግሎት መኪና የምትሰጡ ከሆነ ስማችሁንና ቁጥራችሁን በፕላስተር ጻፉበት። የፍሬን ዲስኩ ስፋት 140 ወይም 160 ሚሊ ሜትር፣ የማርሹ ቁጥርና የአክሰሉ ዓይነት ከብስክሌታችሁ ጋር አንድ መሆኑን ቤት ውስጥ ገጥማችሁ አረጋግጡ። የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የተንጠለጠለበት ማያያዣ በአንድ ውድቀት ይጣመማል፤ የእናንተን ሞዴል የሚገጥም ትርፍ ይኑራችሁ፤ ይህን ዕቃ ውድድሩ ቦታ ላይ ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። መለያ ቁጥሩን ቢያንስ በስድስት መርፌ ቁልፎች አጥብቃችሁ ያዙት፤ በነፋስ የሚርገበገብ ቁጥር ዳኛም አያነበውም፣ እናንተንም ይጎትታል።

በቡድን ውስጥ

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ላይ አብዛኛው ጉልበት የሚሄደው አየር ለመግፋት ነው። ከሰው ጀርባ ተከልሎ መንዳት ሲሶ ያህሉን ያስቀራል። ሆኖም ጥሩው መከለያ የቡድኑ ጭራ አይደለም። ፊት ያሉት መታጠፊያ ላይ በትንሹ ሲቀዘቅዙ ጭራው ይቆማል፤ እነሱ ሲወጡ ጭራው ይሮጣል። በሃያ መታጠፊያዎች ሃያ ጊዜ ሙሉ ሩጫ ማለት ነው። ቦታችሁ ከፊተኛው ሲሶ ውስጥ ይሁን፤ ግንባሩ ላይ ግን አትውጡ፤ በመጀመሪያው ቀን ነፋስ የሚመታችሁ ከሆነ ቦታችሁ አይደለም። አቀበት ሲቃረብ ወደ ፊት ተጠጉና ከፊት ጀምሩት። ከዚያ በራሳችሁ ፍጥነት እየወጣችሁ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ብትንሸራተቱ እንኳ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ገና ቡድኑ ውስጥ ናችሁ።

የፊት ጎማችሁን ከፊት ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን አታስገቡ። እሱ ትንሽ ቢያዘነብል እሱ ይቀጥላል፤ የምትወድቁት እናንተ ናችሁ። ዓይናችሁ ሦስት አራት ሰው አሻግሮ ይይ። የጎን ነፋስ ሲነሳ መሪዎቹ በሰያፍ ይሰለፋሉ፤ መንገዱ ሲሞላ የተረፈው ሁሉ በዳር ላይ አንድ በአንድ ይንጠለጠላል፤ እዚያ መከለያ የለም። ዳር ላይ ከቀራችሁ ከጎናችሁ ያሉትን ጥሩና ሁለተኛ ሰያፍ መስመር ሥሩ፤ ለብቻ ተንጠልጥሎ ረጅም ጊዜ መቆየት አይቻልም።

ከቡድን ከተነጠላችሁ ብቻችሁን አትባዝኑ። ከኋላ የሚመጣ ቡድን ካለ እስኪደርስባችሁ ፍጥነታችሁን ጠብቃችሁ ንዱ፤ አብራችሁ ተራ በተራ እየመራችሁ የሰዓት ገደቡን አስሉ። በከባድ ተራራ ቀን ልምድ ያላቸው ብስክሌተኞች ሆን ብለው እንዲህ ይሰባሰባሉ።

ጎማ ሲፈነዳ እጅ አንሱ፣ ደንቡ ወደሚያዘው የመንገዱ ዳር ውጡ፣ የተበላሸው የኋላ ከሆነ ከመቆማችሁ በፊት ካቴናውን ወደ ትንሹ ጥርስ አምጡ፤ ቸርኬው በሴኮንዶች ይወጣል።

በጉዞ ላይ መብላት

ሰውነት በጡንቻና በጉበት የሚያከማቸው ስኳር 500 ግራም አካባቢ ነው፤ በውድድር ፍጥነት ለሁለት ሰዓት ያህል ይሆናል። ስለዚህ በየሰዓቱ ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል። ተራ ስኳር ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ስለሆነ ሁለቱ በተለያየ በር ይገባሉ፤ ለዚህም ነው ከ60 ግራም በላይ መውሰድ የሚያስችለው። በአንድ ሊትር ውሃ 80 ግራም ስኳርና 1.5 ግራም ጨው ብትበጠብጡ ጥሩ መጠጥ ነው። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 25 ግራም ይሰጣል። በሰዓት ከ500 እስከ 750 ሚሊ ሊትር ጠጡ፤ በሙቀት ከዚያ በላይ።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ከተነሳችሁ በ20ኛው ደቂቃ ውሰዱ፤ ከዚያ በየ20 ደቂቃው። ረሃብ እስኪሰማ ከጠበቃችሁ ዘግይቷል፤ አቀበት ላይ ደግሞ ማኘክም መተንፈስም አይቻልም። አቀበቱ ከመጀመሩ 10 ደቂቃ በፊት ብሉ። የውሃ ዕቃችሁን ለማንም አታዋሱ። መንገድ ላይ ያለ ጭቃና እበት አፉ ላይ ይለጠፋል፤ ከመጠጣታችሁ በፊት የመጀመሪያውን ጭማቂ ወደ ውጭ ጨምቁ። የሆድ ሕመም ብዙ ሰው ያስቀራል።

ከመስመሩ በኋላ

ጀማሪው ምዕራፉ አለቀ ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ለአንድ ሰዓት ቆሞ ስለ ውድድሩ ያወራል። ያ ሰዓት ከሁሉ የከበረው ነው። መጀመሪያ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በቀላል ማርሽ ንዱ። ከዚያ እርጥቡን ቁምጣ ወዲያውኑ አውልቁ፤ በላብ የራሰው የቁምጣው ስፖንጅ ባክቴሪያ ያፈላል፤ የኮርቻ ቁስል የሚጀምረውም እዚያ ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ ንጹሕ ቁምጣ ይኑር። በሳሙና ታጠቡ፣ በደንብ ደርቁ፣ በማግስቱ ጠዋት ክሬም ቀቡ። ትንሽ እብጠት ካያችሁ አታፍርጡት።

ምግቡ በመጀመሪያው ሰዓት ይጀምራል፤ ጡንቻ ስኳር በፍጥነት የሚያከማቸው ያኔ ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሰዓታት በየሰዓቱ ለአንድ ኪሎ ክብደት 1 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከዚያም በላይ በአንድ ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ፕሮቲን። 65 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 65 ግራም፣ በቀን ደግሞ ከ520 እስከ 650 ግራም ይደርሳል። ይህ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም፤ 200 ግራም ደረቅ ሩዝ ወይም ፓስታ ተቀቅሎ የሚሰጠው 150 ግራም ያህል ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፤ ያኔ ጭማቂ፣ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦ፣ ድንች፣ ማር ይቀላሉ። አሠርና ቅባት የበዛበትን ቀንሱ፤ ሆድ ይሞላል፣ ስኳሩ ግን አይደርስም።

ከመነሳታችሁ በፊትና ስትመለሱ ተመዘኑ። የጎደለው አንድ ኪሎ ከሆነ እስከ መኝታ ድረስ አንድ ሊትር ተኩል በዝግታ፣ ከጨዋማ ምግብ ጋር ጠጡ። ከክብደታችሁ 2 በመቶ በላይ ከጎደለ በማግስቱ በጉዞ ላይ የምትጠጡት መጨመር አለበት።

ብስክሌቱ ሳይዘጋጅ እናንተ አትተኙም፦ ካቴናውን ጥረጉና ቀቡ፣ ጎማው ላይ የተሰካ ብርጭቆ ፈልጉ፣ ፍሬኑን ሞክሩ፣ ልብሱንና ቁጥሩን ለነገ አዘጋጁ። ከዚያ እግር ከፍ አድርጎ መተኛት፤ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚረዝም እንቅልፍ ያስፈልጋል። ቁርስ ከመነሻው ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት በፊት፣ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ2 እስከ 3 ግራም ካርቦሃይድሬት። ለረጅም ምዕራፍ ማሟሟቂያ 10 ደቂቃ ይበቃል። ክሮኖ ለሚባለው የግል የሰዓት ውድድር ግን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ከፍተኛ ጉልበት ስለሚጠየቅ። በክሮኖ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ግን ሆን ብላችሁ ያዙት፤ እዚያ የተቃጠለ እግር እስከ መጨረሻው አያገግምም።

ከወደቃችሁና ጭንቅላት ከተመታ፣ ግራ መጋባት፣ ማቅለሽለሽ ወይም ብዥታ ካለ ውድድሩ እዚያው ያበቃል፤ ሐኪም ይያችሁ፤ የተመታውን ሄልሜት ስንጥቅ ባይታይም ጣሉት። የተላጠ ቆዳ ብቻ ከሆነ አሸዋውን በንጹሕ ውሃና በሳሙና በደንብ አጥቡ፣ እርጥበት በሚይዝ ፋሻ ሸፍኑ፤ ክፍት የተተወ ቁስል ሌሊት ከአንሶላ ጋር ይጣበቃልና በማግስቱ ከእንቅልፍ ሳይሆን ከሕመም ጋር ትነሳላችሁ።